ዶክተር ስንዱ፦ «አንጎል ባዶ ቤት አያስቀምጥም»

አላመንኩም። ይሄንን እየጻፍኩ እንኳ አላመንኩም።

ጠዋት ፀጉር ቤቴን ልከፍት ስል ልጄ ቤዛ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እማ፣ ዶክተር ቤት ሰው እያለቀሰ ነው» አለችኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። «የሰው ሬዲዮ ነው፣ ነይ ግቢ» አልኳት። ሬዲዮ አልነበረም። ዶክተር ስንዱ ሌሊት አርፈዋል።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ዶክተር ስንዱ እዚህ የካ ውስጥ አጥር ለአጥር የምንኖር ጎረቤቴ፣ የዘመናት ደንበኛዬ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት አንድ ነገር ነው፦ ጫጩት ገና እንቁላል ውስጥ እያለች አንጎሏ ላይ የመስሚያው ቦታ እንዴት እንደሚሠራ። ጆሮውን አይደለም፤ ውስጥ ተቀምጦ «ይሄ ድምፅ ከቀኝ መጣ፣ ያኛው ከግራ» የሚለውን ክፍል።

ሰፈሩ ይሄን የት ያውቃል! «ዶክተር» እና «እንቁላል» ሲባል ሰማና የዶሮ ሐኪም አደረጋቸው። ዶሮው ክንፏን የጣለችበት ሁሉ ታቅፎ በራቸው ላይ ይቆማል። «ለምን እውነቱን አይነግሯቸውም?» ብላቸው ሳቁ። «ተያቸው፣ እኔ ከእንቁላል የወጣች ዶሮ የማየው በነሱ ምክንያት ብቻ ነው።»

የሱቁን የፈረንጅ እንቁላል ዞር ብለው አያዩትም። «አውራ ዶሮ አይቶ ከማያውቅ እንቁላል ምን ይወጣል?» ይላሉ። የሚፈልጉት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በኩል የሚወርዱት ሴቶች የሚያመጡትን የሐበሻ እንቁላል ነው። ሁዳዴ ገብቶ እኛ እንቁላል ስንሰናበት፣ እሳቸው በዘንቢል ይዘው ይገባሉ። ያውም የለየላቸው ጿሚ! የሚያፈጥ ሰው ካገኙ «አልበላውም፣ ላነበው ነው» ይሉታል።

አሁን ወደኔ ጉዳይ ልምጣ።

ቤዛ ዓመት አልሞላትም ነበር። ዶክተር ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጠዋል። ካስኩ ይጮሃል፣ ሬዲዮው ይጮሃል፣ ደንበኛው ይንጫጫል። ልጄ ሶፋው ላይ ለጥ ብላ ተኝታለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ጨዋ ልጅ አያችሁልኝ? ቦምብ ቢፈነዳ አትነቃም!» አልኩ። ሁሉም «ታድለሽ» አለኝ።

ዶክተር ግን ካስኩን ከራሳቸው ላይ ገፍተው ተነሱ። ልጄ እስክትነቃ ጠበቁና ከጀርባዋ ቆመው አጨበጨቡ። ዞር አላለችም። የብረት ትሪዬን አንስተው መሬት ላይ ጣሉት። እኔ ዘለልኩ፤ እሷ በጣቶቿ ትጫወታለች።

«ነገ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ትወስጃታለሽ» አሉኝ።

«ልጅ እኮ ናት ዶክተር፣ ስታድግ ይስተካከላል። አባቷም ቆይቶ ነው አፉን የፈታው።»

«ስሚኝ የኔ እናት። የመስሚያው ቤት አንቺ ሆድ ውስጥ እያለች ተሠርቶ አልቋል። ተከራዩ ግን ድምፅ ነው። ድምፅ ካልገባበት አንጎል ባዶ ቤት አያስቀምጥም፣ ለሌላ ያከራየዋል። ዘግይተሽ ድምፅ ብታመጪ ማን በር ይከፍትልሻል?»

በጣም ተናደድኩ። ልጄ ምን ሆነችና! በማግስቱ ግን ታክሲ አስቁመው በሬ ላይ ቆመዋል። እሳቸው ጭቅጭቅ አይወዱም፤ ታክሲ ያስቆማሉ።

ቤዛ ስትመረመር የምትሰማው ጥቂት ብቻ ነበር። በሁለቱም ጆሮዋ መሣሪያ ተደረገላት። ንግግሩ ግን ቶሎ አልመጣም። ስንት ጊዜ ተስፋ ቆርጬ አለቀስኩ መሰላችሁ። አንድ ቀን ዶክተር እንጦጦ ፓርክ ይዘዋት ወጡ። ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያወዛውዘው ቤዛ ቀና ብላ «ማነው?» አለች። ዶክተር የዚያን ቀን እንደ ልጅ እየሮጡ መጥተው ነው የነገሩኝ።

ከዶሮ አንጎል ተነስተው ልጄን እንዴት እንዳወቋት ስጠይቃቸው ዘር ቆጠራ ጀመሩልኝ። «ዓሣም፣ እንቁራሪትም፣ ዶሮም፣ ሰውም ወደኋላ ብትቆጥሪ ዘመድ ነን። የብስ ላይ ከተወጣ በኋላ ግን ወፎች መስማትን በራሳቸው መንገድ አሻሻሉት፣ እኛም በራሳችን። ጽንሱን ስታዪ ያንኑ የመስማት ሥራ የሚሠሩት ሕዋሳት ዶሮ ላይ ከአንጎሉ አንድ ሰፈር ይነሳሉ፣ እኛ ላይ ከሌላ። ላምበረት መናኸሪያ ያሉትን ተሸካሚዎች አላየሽም? አንዱ ከወሎ፣ አንዱ ከመንዝ ይመጣል፤ የሚያነሱት ግን ያው አንድ ዕቃ ነው።»

እንዲህ አድርጎ ለፀጉር ሠሪ የሚያስረዳ ምሁር ካላችሁ አምጡ። ይህቺን የመሰለች ሴት የኛ ሰፈር ሰው ነበረች። እኮራለሁ፣ አፌን ሞልቼ እኮራለሁ!

ዶክተርዬ፣ አሁን እርስዎን ነው የማናግረው።

ዛሬ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ሳይሰማ የቤትዎን ለቅሶ የሰማችው ቤዛ ናት። «ሬዲዮ ነው» ብዬ ላስገባት የነበረው እኔ ነኝ፤ አልገባም ብላ ወደ አጥርዎ የሮጠችው እሷ ናት። ያ የመስሚያ ቤቷ ባዶ እንዳይቀር ስንት ደከሙበት፣ መርዶዎም መጀመሪያ የገባው በዚያው በር ሆነ።

በሰላም ይሂዱ የኔ እናት። የልጅዎ የቤዛ ቤት ሰው አለበት።