ቦቲውን ያወለቀበት ቀን

ውሃ ያቆስላል ብዬ ስናገር የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም። ሰው ውሃን የሚያውቀው በጆግ፣ በባልዲ፣ ቢበዛ በጎርፍ ነው። እኔ የምሠራበት ማሽን ግን ውሃውን በግፊት ሲተፋው ከሲሚንቶ ላይ የከረመ የዘይት እድፍ ይልጣል፤ እንጨት ላይ ካነጣጠሩት ይቦረቡረዋል። ሥራውን የጀመርኩት ሰበታ፣ አንድ ላቫጆ ውስጥ ነው። መኪና ማጠብ ሲሰለቸኝ ከባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋር አንድ ባለ ሞተር ትልቅ ማሽን ገዛንና የማደያ ወለል፣ የሆቴል ግቢ፣ የእግረኛ መንገድ ማጠብ ያዝን። ዛሬ ቡራዩ፣ ነገ ሱሉልታ፣ ሥራ ከተገኘ ሆለታም እንሄዳለን።

እሱን በኦሮምኛ ለአክብሮት ኦቦ ነው የምለው። እሱ ደግሞ "ሶዳ" ይለኛል፤ አማቼ ማለቱ ነው። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው፣ ትከሻ ሰፊ፣ ቀልደኛ። እኔ ነዝናዛ ነኝ። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ቦቲ፣ መነጽር፣ ጓንት እያልኩ ስጨቀጭቀው "ሶዳ፣ ጦር ሜዳ ነው እንዴ የምንሄደው?" ይላል፤ ግን ያደርጋል። የውሃውን ዘንግ ወደ ሰው አያዞርም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም የዘንጉን ምላጭ ተጭኖ የውሃው ጎማ ውስጥ የቀረውን ግፊት ሳያስተነፍስ ጎማውን አይፈታም። ከእሱ የበለጠ ጠንቃቃ ሠራተኛ አላየሁም። የሚቆጨኝም ለዚህ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ካለ ደብር ተጠራን። ኦቦ ክርስትና የተነሳበት ደብር ነው፤ በማግስቱም ንግሥ ነበር። ከበሩ እስከ ቤተ መቅደሱ የተነጠፈው ድንጋይ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር ለብሷል። ባለፈው ንግሥ አሮጊቶች ወድቀውበታልና ዘንድሮ ይታጠብልን አሉን።

ማሽኑን ከአይሱዙ አውርደን ጎማውን ዘርግቼ ቀና ስል ኦቦ ቦቲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ ቆሟል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ሶዳ፣ እዚህ ግቢ ከልጅነቴ ጀምሮ በጫማ ገብቼ አላውቅም።"

"ያ ለጸሎት ነው። ይሄ ሥራ ነው!"

"እዚህ ሲሆን ሥራውም ጸሎት ነው።"

የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ሽማግሌ ካህን፣ ቄሰ ገበዙ፣ ጭቅጭቃችንን ሰምተው መጡ። "ልጄ፣ ግድ የለም፣ አድርገው። እግዚአብሔር ልብህን ያውቃል" አሉት። "አባ፣ አንቱ ቢፈቅዱልኝም እኔ ይከብደኛል" አላቸው አንገቱን ደፍቶ። እኔ ተናደድኩ፤ ሰውዬውን ግን አውቀዋለሁና ሞተሩን አስነሳሁ።

ግማሹን አጥቦ ነበር። ድንጋዩ ነጣ እያለ ሲወጣ ዲያቆናቱ ቆመው ያያሉ፣ እሱም ደስ ብሎታል። አንዱን ጥግ ሊይዝ ወደ ኋላ ሲራመድ ተረከዙ ገና ካልታጠበው ድንጋይ ላይ አረፈና አዳለጠው። አልወደቀም። ሚዛኑን ሊጠብቅ ሲል ግን ዘንጉ ዝቅ አለና ውሃው በግራ እግሩ ላይ አለፈ። ሮጬ ሞተሩን አጠፋሁ።

እግሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ ብቻ ናት ያለችው። ደም እንኳ አልወጣም። "ራኮ ሂንቃቡ፣ ችግር የለም፣ ትንኝ ናት የነከሰችኝ" ብሎ ሳቀ፤ ዲያቆናቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ማሽኑን የሸጠልን ሰው፣ ውሃው ቆዳ ከበሳ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ከውስጥ ሥጋውን ያበላሻል፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ ብሎን ነበር። ለሁለታችንም ነው የነገረን። ለመንኩት። ባለቤቴም በስልክ ለመነችው። "ታቦት ሳይወጣ የት እሄዳለሁ? ነገ ሲገባ እሄዳለሁ" አለና ጠበል ረጨበት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

ታቦቱ ሲገባ እግሩ አብጦ ጠቁሮ ነበር። አዲስ አበባ አደረስነው። ሐኪሞቹ ማትረፍ የቻሉት ከተረከዙ እስከ መርገጫው መሃል ያለውን ብቻ ነው፤ የፊቱ ከነጣቶቹ ተቆረጠ። "ትናንት ብታመጡት ኖሮ" አለን አንደኛው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። አንስቼ አይሱዙው ላይ በጫንኩት ኖሮ እያልኩ ዛሬም ከራሴ ጋር እሟገታለሁ።

እሱ እግሩን ለመደው። በክራንች ይሄዳል፣ ይቀልዳል፣ ከብቶቹን ያያል። እኔ መልመድ ያቃተኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የደብሩን በር አልፎ አያውቅም። ንጹህ አይደለሁም ያለ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፤ የቆየ ልማድ ነው፤ ኦቦም በየሰንበቱ እዚያ ይቆማል። የንስሐ አባቱ "ምንም የለብህም፣ ግባ" ብለው ደጋግመው ነግረውታል። እሱ ግን፣ በተቀደሰ ስፍራ ሞተር አስጮህኩና ተቀጣሁ ይላል።

አንድ እሁድ ቅዳሴው መሃል ላይ ወጥቼ አጠገቡ ሄድኩ። "ኦቦ፣ ማንም አልቀጣህም። ውሃ ነው የመታህ" አልኩት።

ግንባሩን ከአጥሩ ሳያነሳ "ሶዳ፣ ጫማዬን አውልቄ እንኳ እንዲህ ሆንኩ። አድርጌ ቢሆንስ ኖሮ?" አለኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። አድርገህ ቢሆን ኖሮ እግርህ ሙሉ ነበር። ይህን ማሽን የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፊቱን ሳይ ግን ዋጥኩት። እሱ እንደሚያምነው ከሆነ እግሩን የወሰደው እግዚአብሔር ነው። እኔን ካመነኝ ግን እግሩ የሄደው በከንቱ ነው፣ ያውም ቦታውን ስላከበረ። የቱን ይዞ መኖር እንደሚቀለው አላወቅሁም። በሩ ክፍት ነው፣ ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል፣ እሱ ውጭ ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ አጠገቡ ቆምኩ።