እትዬ ስብርብር ያልለቀቁት አንገት

ሥራቸው መስበር ስለሆነ የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ «እትዬ ስብርብር» ይላቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክር የተሸመነበትን የሴራሚክ ዘንግ ከበረዶ እጅግ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እየነከሩ፣ በማሽን እየተጫኑ ሰብረዋል። ቤታቸው ግን አንድ ብርጭቆ ሰብረው አያውቁም። ባላቸው «ቁጣሽን እዚያው ጨርሰሽ ነው የምትመጪው» እያለ ይስቅባቸዋል።

ያ ዘንግ በደህናው አየር ከመሰበሩ በፊት ይንጣጣል፤ ክሮቹ አንድ በአንድ እየተመዘዙ ያስጠነቅቃሉ። ሲቀዘቅዝ ግን ጸጥ ብሎ ብዙ ሸክም ይችልና ድንገት እንደ ጥይት ይፈነዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ዘንጎች እንዲያ ፈንድተው ስባሪ በሚመልሰው የማሽኑ መከለያ ላይ ተበተኑ። አራተኛው እየተጫነ ሳለ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው ወጣት ኢንጂነር ስንጥቁ ከየት እንደሚጀምር በቅርብ ማየት አማረው።

«መከለያውን ያንሱልኝ።»

«አይነሳም! ዓይንህን አትፈልገውም እንዴ?»

«አለቃው እኔ ነኝ! ዞር በይ!»

አንቱታው ብን ብሎ ጠፋ። በክርኑ ደረታቸውን ገፍትሮ ከግድግዳው አላተማቸውና መከለያውን አንስቶ አጎነበሰ።

ዘንጉ ጧ አለ። ስባሪው አንገቱን ሸረከተው፤ ደሙ እስከ ማሽኑ ድረስ ተፈናጠረ። ሲወድቅ የናይትሮጅኑን ገንዳ ይዞት ተገለበጠ። እትዬ ስብርብር ተወርውረው ቁስሉን በሁለት እጃቸው ጨመቁት። ፈሳሹ እያፏጨ መጥቶ ግራ ጫማቸው ውስጥ ገባ። እግራቸውን እንደ እሳት ለበለባቸው፣ ከዚያ ደነዘዘ። እግራቸውን ላድን ቢሉ እሱ መሞቱ ነው።

«ልጄ፣ እየኝ! እንዳትተኛ!»

የጥበቃው ሰው በሩን በርግዶ እስኪገባ አልለቀቁትም።

ሐኪም ሦስት የእግር ጣታቸውን ቆረጠ። ኢንጂነሩ ዳነ። ድኖም አደጋውን ለሚያጣሩት መርማሪዎች «መከለያውን ያነሳችው እሷ ናት» አላቸው።

ይህን የሰሙ ዕለት ክራንቻቸውን እያንቋቁ ኢንጂነሩ የተቀመጠበት የምርመራ ስብሰባ መሀል ገቡ። ሰላምም አላሉ። ክራንቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው በጥፊ ሲያጮሉት ከነወንበሩ ተንጋለለ።

«አንገትህን የያዘው ይሄው እጅ ነው!»

ኢንጂነሩ ጉንጩን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቆየና ለቅሶው አመለጠው።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት። ገፍትሬያቸው ነው።»

እሱ ከኃላፊነቱ ተነሳ። እሳቸው ለጥፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸውና ሳይከራከሩ ፈረሙ። በሦስተኛው ወር እያነከሱ ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። የመጀመሪያውን ዘንግ ከመጫናቸው በፊት ግን መከለያው መውረዱን ሦስት ጊዜ በእጃቸው ነክተው አረጋገጡ።