እፉኝት የምታልበዋ ተከራዬ

ጽጌሬዳ ቤት ስትከራየኝ የኮሌጅ አስተማሪ ነኝ አለችኝ እንጂ እፉኝት አልባለሁ መች አለችኝ! ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ሐይቅ ዳር ያለው ግቢዬ ከገባች በኋላ ነው ሥራዋን የሰማሁት። የእባቡን አንገት ይዛ፣ ጠርሙስ አፍ ላይ የተወጠረ ላስቲክ ታስነክሰዋለች፤ መርዙ ጠብ ይላል። ሥጋን እንዴት እንደሚያበሰብስ ታጠናለች። በስመ አብ! እግዜር ልቡን አይቶ እግር የነሳውን ፍጡር! ላስወጣት ቆርጬ ነበር። ግን ስለ ሥራዋ ስታወራ ፊቷ ሲፈካ ሳይ አንጀቴ እንቢ አለኝ።

አንድ ቀን ማቴዎስን እባብ ነደፈው። ማቴዎስ ማለት ከቡሹሎ መንደር ለላሜ ሣር የሚያመጣልኝ ሰው ነው። ዘመዶቹ እንደ ደንቡ እባቡን ቀጥቅጠው ከነበትሩ ገደል ከተቱት። እግሩንም ከጉልበቱ በታች በገመድ ጥፍር አድርገው አስረው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሷ ልፍታው ብትል ሚስቱ ታቢታ፣ መርዙ ወደ ልቡ ይወጣል፣ እኔ ቆሜ አይሆንም አለች። ወሬው ሲደርሰኝ ጽጌሬዳን ይዤ በኮሌጁ መኪና ወደ ጤና ጣቢያው በረርኩ።

ጽጌሬዳ መጀመሪያ የጠየቀችው እባቡን ነው። ገደል ገባ ሲሏት ቀሚሷን ሰብስባ ከጤና ጣቢያው ማዶ ወዳለው ገደል ወረደች፣ ያንን የተጨፈለቀ ነገር ይዛ ወጣች። ወይ ድፍረት! ቆዳውን አገላብጣ እፉኝት ነው አለች። የማቴዎስ እግር ጠቁሯል። የእፉኝት መርዝ አንድ ቦታ ሲታፈን ሥጋውን ይጨርሰዋል፣ ገመዱ ካልተፈታ እግሩ ይቆረጣል ብላ ብታስረዳም ታቢታ ገመዱን ጨብጣ አለቅም አለች። አልፈርድባትም፣ ባሏ ነው።

ያኔ ጽጌሬዳ ግራ እጇን ዘረጋችላት። አንድ ጣቷ የለም። እኔ ስትፈጠር ጀምሮ መስሎኝ ጠይቄያት አላውቅም።

«ይቺን ጣት የወሰዳት እባቡ አይደለም» አለቻት። «እንዳልሞት ብለው ያሰሩብኝ ክር ነው። ያሰሩኝም የሚወዱኝ ናቸው።»

ታቢታ የጽጌሬዳን እጅ አየች። ከዚያ ራሷ፣ ነርሷ እያሳየቻት፣ ቀስ እያለች ፈታችው። ማቴዎስን ሆስፒታል ወሰድነው፣ የመርዙን ማርከሻ መድኃኒት አገኘ፤ ብዙ ተሰቃየ፣ ግን ተረፈ።

ለፍቼ፣ ለዘመን መለወጫው በዓል፣ ጽጌሬዳን ጎትቼ ጭፈራው ወዳለበት ጉዱማሌ ሜዳ ወሰድኳት። ማቴዎስ ትንሽ ቢያነክስም ከጨፋሪው መሀል ገብቶ መሬቱን ይደልቃል። ሄደሽ ሰላም አትይውም ወይ ብዬ ብጎነትላት ንቅንቅ አልል አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ይተዉኝ እትዬ የሺ» አለችኝ፣ «እግሩን ልየው።»