በሰማንያ ቀኑ ክርስትና የተነሣው ሯጭ

የእርጥብ ኖራ ሽታ አልወድም። ከቤቴ በታች ያለው ትምህርት ቤት በውድድር ሰሞን ሜዳውን በኖራ ሲያሰምር ሽታው በመስኮት ይገባና ተነሥቼ መስኮቱን እዘጋለሁ። ልጆቼ "ደግሞ ጀመራት" ብለው ይስቁብኛል። አንተ ግን ከጠየቅኸኝ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ላሊበላ አብሮኝ የሚሮጥ ጓደኛ ነበረኝ። ቤተሰቡም፣ አስተማሪውም፣ አገሩም ሴት ነው የሚሉት። እሱ ግን አንድ ጠዋት በብልባላ መንገድ ስንለማመድ ቆም አለና፣ "አንቺዬ፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ" አለኝ። አልሳቅሁም። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት አንቺ፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ እለው ነበር። አንተ ስለው ፊቱ ሲበራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

አባቱ ኩልመስክ ላለ ገበሬ ሊድሩት ቀን ቆርጠዋል። በአውራጃው ውድድር አንደኛ የምትወጣ ልጅ ግን ደሴ ለልምምድ ትገባለች ተባለ። ደሴ ከገባ ከጋብቻው ያመልጣል። ለዚያ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር መሮጥ ነበረበት።

የውድድሩ ዕለት ገና በእርጥብ ኖራ ወደተሰመረው መነሻ ስንጠጋ የሌላ ቡድን አሠልጣኝ ነገር አነሣ። "ይቺ ወንድ ናት፤ ትከሻዋን አታዩም?" ውድድሩን የሚመራው ካድሬ ጊዜ አልፈጀም። "እዚያ ክፍል ትግባና ልብሷን አውልቃ ትታይ" አለ። ጓደኛዬ እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። መዳፉ ቀዝቅዟል። "ልብሴን ካስወለቁኝ ከእንግዲህ እዚህ አገር አትፈልጊኝ" አለኝ በጆሮዬ። እንደማይቀልድ ስለማውቅ እጁን አልለቀቅሁም።

ሩጫውን ሊያዩ የመጡ የገነተ ማርያም ቄስ ጣልቃ ገቡ። "ኧረ ተው ልጄ፣ የሰው ልጅ ገላ በሸንጎ አይታይም። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ክርስትና እናቷ ያውና ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ይመስክሩ።" ካድሬው የቤተ ክርስቲያን ነገር እንዳልሰማ ሆኖ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ፤ እንደዞረም ግን "ጠይቋቸው" አለ።

ክርስትና እናቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ሚስጥሩን ለእሳቸውም ነግሯቸው ነበር፤ ሰምተው ወደ ፈተላቸው ተመለሱ። አሁን ዓይኑን ተከለባቸው። እኔ በሆዴ ሰማንያ በሉ፣ እባክዎ ሰማንያ በሉ እላለሁ። ቃሉ እንደሚያሳርረው ደግሞ አውቃለሁ። ቄሱ መስቀላቸውን አቀረቡላቸው፤ ተሳለሙና፣ "በሰማንያ ቀኗ፣ በእነዚህ እጆቼ ታቅፌ ያነሣኋት እኔ ነኝ" አሉ።

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ።

ፊሽካው ሲነፋ ሮጠ። ከኋላው ሆኜ ሳየው ሊያሸንፍ የሚሮጥ አይመስልም ነበር፤ የሚያባርሩት ነበር የሚመስለው። ማንም ሳይደርስበት አንደኛ ወጣ። እልልታው ሳይበርድ በክርስትና እናቱ አጠገብ ዝም ብሎ ሊያልፍ ሲል ክንዱን ያዙት። ላቡን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም፣ "ልጄ፣ እኔ የመሰከርሁት ቀኑን ነው። አንተን አይደለም" አሉት። ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሰው በድል የተደሰተች ልጅ መስላው አጨበጨበ።

በማግስቱ ወደ ደሴ ሄደ። አልተመለሰም። ጎንደር ወንድ ሆኖ ይኖራል የሚልም፣ ሞቷል የሚልም ሰምቻለሁ። እኔ የትኛውንም አላመንሁም።

ክርስትና እናቱን እስኪያርፉ ድረስ እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። ሰው ካለ "ያቺ ልጅ" ይሉታል። ሰው ሲወጣልን ጠጋ ይሉኝና፣ "ልጄ ይመጣ ይሆን?" ይሉኛል።

"ይመጣል እንጂ" እላቸው ነበር።