የዘሃራ ዓሣ

ትናንት ሐይቅ ከተማ ከታናሽ እህቴ ከዘሃራ ጋር ስንሄድ የዓሣ ጥብስ ሸተተኝና ቆምኩ።

ልጆች ሳለን ዘሃራ ሦስት ዓመት ሞልቷት እንኳ አትቆምም ነበር፤ እግሮቿ ጎብጠው ነበር። እናታችን የሰው ዓይን እንዳይበላት ብላ ከቤት አታወጣትም። የዶሮዎቻችን እንቁላል ለገበያ፣ አያታችን የሚያጠምዱት ዓሣ ለደሴ ነጋዴ ነበር፤ ለእኛ ሽሮ። የጤና ባለሙያዋ መጥታ አየቻትና፣ "ቫይታሚን ዲ አንሷታል። ዓሣና የእንቁላል አስኳል ትብላ፤ ፀሐይም ትሙቅ" አለች።

በማግስቱ አያታችን ትልቁን የቆሮሶ ዓሣ ከነጋዴው እጅ መልሰው ወሰዱ።

"ይሄ የዘሃራ ነው! ሐይቁ ደጃችን ተኝቶ የእኛ ልጅ ትጉበጥ?"

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋት፣ እሾሁን እየለቀሙ በእጃቸው ያጎርሷት ጀመር፤ እናታችንም አስኳሉን ታበላት፣ ዱዓ ታደርግላት ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት የአያታችን ታንኳ ብቅ ሲል ዘሃራ ብድግ አለች። እየተንገዳገደች ውሃው ድረስ ሄደች! እናታችን እልልታውን አቀለጠችው። አያታችን መቅዘፊያቸውን ጥለው፣ "አላሁ አክበር!" አሉ።

ዓሣው ይሁን፣ አስኳሉ፣ ፀሐዩ፣ ወይስ የእናቴ ዱዓ፣ ዛሬም አላውቅም።

"አንቺ! ምን ገተረሽ?" አለችኝ ዘሃራ ከሩቅ። ጥላኝ ሄዳ ኖሯል።