መቶ በመቶ የተጠናቀቀ ጉድጓድ

እህቴ በዕድሜዋ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ስትራቴጂክ ዕቅድ ጽፋለች። ሦስቱንም የጠረዝኩት እኔ ነኝ። የእሷ ቢሮ አስተዳደር ሕንፃው ላይ ነው፤ የእኔ የፎቶኮፒና የጥረዛ ሱቅ ከግቢው በር ፊት ለፊት። ኮፒ የምታደርግ ሴት አታነብም ብሎ የሚያስብ ሰው ሞልቷል። ማሽኑ ሲግል እስኪበርድ ድረስ ታዲያ ምን ልሥራ? አነባለሁ። እያነበብኩም እናደዳለሁ።

በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች። እናታችን ስታርፍ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እስከ ዛሬ እትዬ ነው የምላት። ቢሮ ውስጥ ግን "ምሰሶ" ይሏታል። ዕቅድ በምሰሶ በምሰሶ ይከፈላል፤ የመማር ማስተማር ምሰሶ፣ የምርምር ምሰሶ፣ የመልካም አስተዳደር ምሰሶ። እሷም ማንም ሰው ሐሳብ ይዞ ሲመጣ "እሺ፣ ይሄ በየትኛው ምሰሶ ሥር ይገባል?" ትለዋለች። ቤት ውስጥ ቧንቧ ሲፈነዳ ባሌ ራሱ "እትዬ፣ በየትኛው ምሰሶ ሥር እናስገባው?" ይላታል። ይስቃል። እሷ ግን ሱሪዋን ሰብስባ ውሃውን ትጠርጋለች።

የእኛ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የቆመ አይደለም። ከሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በአንድ ቦርድና በአንድ ዋና መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ሁሉም ዕቅዱን ወደዚያ ይልካል፤ እነሱ ደግሞ የሁሉንም ጨምቀው አንድ ትልቅ ዕቅድ ያወጣሉ። እዚያ ዕቅድ ውስጥ ያልገባ ነገር በጀት አያገኝም። ያልገባውን ለማስገባት ደግሞ የሚቀጥለውን ዕቅድ መጠበቅ ነው፤ እስከዚያ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል።

እህቴ በሦስቱም ዕቅዶች ውስጥ ለራሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበራት፦ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ። እሷ ስትማር ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ መኝታ የተሰጣቸው የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። በከፍታ መዝለያው ፍራሽ ላይ ተደርድረው ይተኙ ነበር። በሩ ከውስጥ አይቆለፍም፤ ስለዚህ ሲመሽ የመዝለያ ሣጥኑን ገፍተው ያስደግፉበታል። ከዚህ በላይ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ፊቷን እያየሁ አልጠየቅኳትም። ዕቅድ ክፍል ከተቀጠረች በኋላ ግን የጻፈችውን የማደሪያ መስፈርት አንብቤያለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር "እያንዳንዱ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሆናል" ይላል።

በመጀመሪያው ዕቅድ ማደሪያውን ቆረጡባት። በሁለተኛው ገባላት። ያኔ ቤት መጥታ እንደ ልጅ ስትዘል ያየኋትን አልረሳም። በመጀመሪያው ዓመት የታቀደው መሠረቱን መቆፈር ብቻ ነበር። ኮንትራክተሩ መጣ፣ ቆፈረ። እህቴም ያየችውን ጻፈች፦ የዓመቱ ዕቅድ መሠረት ቁፋሮ፣ አፈጻጸም መቶ በመቶ። እውነቷን ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል።

ዋናው መሥሪያ ቤት የሁሉንም ሪፖርት ሲጨምቅ ቁፋሮ የሚለው ቃል ቀረና "የሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ መቶ በመቶ" ሆኖ ወጣ። እህቴ ይሄንን ያየችው ትልቁ ሪፖርት ታትሞ ሲመጣ ነው። ወዲያው ስልክ መታች፣ ደብዳቤ ጻፈች፣ ራሷ ድረስ ሄደች። ግን በመካከሉ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት በዓመታዊው ስብሰባ ላይ "ግንባታን ቀድሞ በማጠናቀቅ" ተብሎ ዋንጫ ተሸልሟል። ዋንጫውን ቢሮው መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን አስቀምጦታል። እህቴ ስትነግረው እንዲህ አላት፦

"እርስዎ ደግሞ! አሁን ዋንጫውን መልሱ ልንባል ነው? ጊዜው ሲደርስ እናስተካክለዋለን።"

ጊዜው አልደረሰም። ለተጠናቀቀ ሕንፃ ማን በጀት ይይዛል? በሚቀጥለው ዓመት ምንም አልተያዘለትም። ኮንትራክተሩ ማሽኑን ጭኖ ሄደ። ጉድጓዱ ዝናብ ሞልቶት እንቁራሪት ይፈለፈልበት ጀመር። ተማሪዎች "መዋኛው" ይሉታል። በየዓመቱ እህቴ ማስተካከያ ትጽፋለች፣ በየዓመቱ ከላይ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ። እኔ ደግሞ ያንን ማስተካከያ እየጠረዝኩ ደሜ ይፈላል። "እትዬ፣ ለምን ሄደሽ ያንን ዋንጫ አናቱ ላይ አትሰብሪለትም?" እላታለሁ። "ዋንጫው የየትኛው ምሰሶ ነው?" ትለኛለች። አሁን ይሄ ቀልድ ነው?

ሦስተኛው ዕቅድ የመጣው በዚህ መሀል ነው፤ የአሥር ዓመት፣ ወፍራም፣ በኔ ማሽን እንኳ አንዴ የማይበሳ። ጎሚስታዋ ወደ ሕይወታችን የገባችውም ያኔ ነው። የሜካኒካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከጎሚስታ ቤት ጀርባ፣ ጎማ ከሚከመርበት አጥር ሥር ክፍል ስለተከራየች ስሙን እኔ አወጣሁላት፤ አልተቀየመችም። እንዲያውም የባሌን መኪና ፍሬን አይታ "ጋሼ፣ በዚህ ነው የሚነዱት?" ብላ አስደንግጣዋለች።

አንድ ቀን ሱቄ መጥታ ወረቀቷን ኮፒ ሳደርግላት ፊቷን አየሁ። ዓይኗ አብጧል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"የአከራዬ ወንድም ጠጥቶ እየመጣ በሬ ላይ ይቆማል፤ አይሄድም። የበሩ መዝጊያ ሽቦ ነው እኮ። ጠዋት ሳየው ሽቦው ተጣሟል።"

ቤት ላስገባት አልችልም፤ ሳሎናችን አስቀድሞ በሴት ተማሪዎች ተይዟል። ያመጣቻቸው እህቴ ናት። ባሌ ሽንት ቤት ሲሄድ በላያቸው ተራምዶ ነው። እጇን ይዤ ወደ እህቴ ቢሮ ወሰድኳት። እህቴ ሁሉንም ሰማች። ስለ ሽቦው ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አባቴ አልጋ ካላገኘሽ ተመለሽ ብሎኛል" አለች ልጅቷ። "እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ነው የምታገሠው እትዬ። ከዚያ የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ እሞላለሁ።"

"ስሚኝ የኔ ልጅ" አለቻት እህቴ። "ማደሪያው በዚህ ዕቅድ ከጸደቀ፣ ግንባታው እስኪያልቅ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ተማሪዎችን ማስተኛት በመመሪያው ይፈቀዳል። ከጸደቀ በኋላ የሳምንታት ነገር ነው። ታገሺኝ።"

ልጅቷ አመነቻት። እኔም አመንኩ። ዕቅዱን የሚያጸድቀው ቦርድ ወደ እኛው ግቢ በመጣበት ቀን እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ደብዝዟል ተብሎ ሙሉው ዕቅድ እንደገና ስለተጠረዘ ካርቶን ተሸክሜ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። እህቴ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ አቀረበች። ጥሩ ነበር፣ እስከ ማደሪያው ድረስ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ባለሙያ ቀይ የሌዘር መብራቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

"ይቅርታ፣ ይሄ ሕንፃ ባለፈው ዕቅድ ተጠናቋል። ሁለተኛ ማደሪያ ነው የምትጠይቁት?"

"እድሳት ነው፣ እድሳት!" አለ ፕሬዚዳንቱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

"እድሳት አይደለም" አለች እህቴ። "ሕንፃ የለም። መሠረቱ ብቻ ነው የተቆፈረው። በዚያ መስኮት ይታያል።"

መስኮቱ ከቦርዱ ሰብሳቢ ሩቅ አልነበረም፤ አንገቱን ቢያዞር ይበቃ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዶክተርና ፕሮፌሰር ውስጥ አንገቱን ያዞረ አንድም ሰው የለም። ለመጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ እህቴን አሳፍራለሁ ብዬ ዋጥኩት።

ሰብሳቢው ደግ ፊት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "እንግዲህ ቦርዱ ይሄን ሕንፃ ተጠናቀቀ ብሎ ተቀብሎታል። ተቀብለነው አሁን የለም ከተባለ ፈርሷል ማለት ነው" አሉ።

"የሚፈርስ ነገር አልነበረም ክቡር ሰብሳቢ።"

"ሲስተሙ ላይ 'አልነበረም' የሚል ምርጫ የለም" አለ ባለ ሌዘሩ። "የተጠናቀቀን ሕንፃ የፈረሰ ብቻ ነው ማድረግ የሚቻለው። ከፈረሰ መልሶ ግንባታ ተብሎ ዛሬውኑ ይገባል።"

ፕሬዚዳንቱ ጎንበስ ብሎ ወደ እህቴ ጆሮ ተጠጋ። የሚለው እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር፦ "ፈርሷል ይበሉና በጀቱ ይለቀቅ። ልጆቹ አልጋ ያገኛሉ። እርስዎስ የሚፈልጉት ይሄንኑ አይደል?"

እህቴ ወደ መስኮቱ አየች። ቁጥር አጠጋግታ የማታውቅ ሴት ናት።

"ይሁን" አለች። "ፈርሷል ይባል።"

አጨበጨቡ! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ማደሪያው ፈረሰ ተብሎ ተጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ተጣላን። ዓይን ያወጣ ውሸት አስዋሹሽ አልኳት፣ አንቺም ዋሸሽላቸው አልኳት፣ መንገደኛ እስኪያየን ጮህኩባት። "ጸድቋል" ብቻ ነው የምትለኝ። "ስሚ፣ ጸድቋል እኮ።" ያን ቀን ቀጥ ብላ ነበር የምትራመደው። በማግስቱ ጎሚስታዋን ጠርታ ነገረቻት። ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ የኪራይ ቤቱን ፈቃድ ስንጠብቅ ሌላ ነገር መጣ። የመንግሥት ሕንፃ ፈርሶ ከተገኘ፣ ያፈረሰው ወይም ሲፈርስ ዝም ያለው ሰው ተጣርቶ ሳይታወቅ ለመልሶ ግንባታውም ሆነ ለኪራዩ ምንም አይለቀቅም አሉ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮንትራክተሩ ሥራዬን አስረክቤያለሁ አለ። ፕሬዚዳንቱ የክትትሉ ኃላፊነት የዕቅድ ክፍሉ ነው አለ። ያልተሠራውን ሕንፃ ያፈረሰችው እህቴ ሆና ተገኘች! ከሥራ አገዷት። ቤት ተቀምጣ የእኛን ልጆች የቤት ሥራ ታሠራለች። እኔ ሱቅ ውስጥ ማሽኑን በቡጢ እመታለሁ፤ ባሌ እጄን ይዞ ያስቆመኛል።

ኮሚቴው አንዴ ሰብሳቢው ታሞ፣ አንዴ ጸሐፊው ሥልጠና ሄዶ፣ አንዴ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ እያለ ሴሚስተሩ አለቀ። ጎሚስታዋ የማቋረጫ ቅጿን ልታባዛ ወደ ሱቄ መጣች። ሻንጣዋ በር ላይ ነበር። አንድ ምሽት ሽቦው ተበጥሷል፤ ከዚያ በኋላ ያቺ ክፍል ውስጥ አላደረችም፤ የት እንዳደረች ልትነግረኝ አልፈለገችም። "እትዬን ሰላም በይልኝ፣ ራሴ ልነግራት አልቻልኩም" አለችኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ሂሳብ አልተቀበልኳትም። ማንን ብዬ ልርገም? ሁሉንም ረገምኩ።

ኮሚቴው በመጨረሻ እህቴን የጠራት ጎሚስታዋ በሄደች በሳምንቱ ነው። አብሬያት ሄድኩ። አትገቢም ስላሉኝ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ፤ ክፍሉ ስለሚሞቅ በሩን አልዘጉትም።

"ሕንፃው የፈረሰበት ምክንያት ምንድን ነው?" አለ ጠያቂው። ወጣት ነው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ከወረቀት ላይ እያነበበ ነው የሚጠይቃት።

የእህቴን መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

"ምክንያቱ አይታወቅም ብለን እንለፈው። የፈረሰው በከፊል ነው ወይስ በሙሉ?"

"በሙሉ።"

"በሙሉ" እያለ ጻፈ። "ሕንፃው በፈረሰበት ወቅት በውስጡ ሰው ነበር?"

በዚህስ ትስቃለች አልኩ። እኔ ራሴ ኮሪደር ላይ ሆኜ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

"ነበር" አለች እህቴ።

መጻፉን አቆመ። "ሰው ነበር? ጉዳት ደርሶበታል?"

"አንዲት ተማሪ። ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ሜካኒካል ምሕንድስና።"

"ይሄ በሪፖርቱ ውስጥ የለም እኮ" አለ ልጁ ግራ ገብቶት። ወደ ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት ዞረ። "አሁን የት ነው ያለችው?"

"ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ከእንግዲህ አትማርም።"

"እና... እኔ ይሄንን የት ነው የምጽፈው?"

እህቴ በሥራ ዘመኗ ሁሉ፣ ተላላኪም ይሁን አለቃ፣ ቢሮ ውስጥ ማንንም ሰው አንተ ብላ ጠርታ አታውቅም። ወንበሯ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ተነሥታ ነበር።

"ጻፈው!" አለችው። "የፈለግክበት ቦታ ጻፈው እንጂ!"