የተደፈነው የመርጫ ጫፍ

ከኮሌጅ እንደወጣሁ ከፋ ውስጥ፣ ጨና ወረዳ፣ የቀበሌ ልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። በዚያው ዓመት ተምች በቆሎውን ወረረው። ገበሬዎቹን ማሳ ዳር ሰብስቤ የጸረ-ተባይ መድኃኒት አረጫጨት አሳየኋቸው። ጓንት አጠለቅኩ፤ አፍና አፍንጫዬን ሸፈንኩ፤ መድኃኒቱን በልኩ በጥብጬ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ መርጨት ጀመርኩ።

መሀል ላይ የመርጫው ጫፍ ተደፈነ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ መቆሜ አናደደኝ። መሸፈኛዬን ወደ አገጬ ዝቅ አድርጌ፣ ጫፉን ነቅዬ በአፌ እፍ አልኩበት። ተከፈተ። ምላሴን ሲመርረኝ እንትፍ ብዬ ቀጠልኩ።

በሳምንቱ ከወረዳው ከተማ ከዋጫ ስመለስ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ገበሬ ከወንዙ ማዶ በቆሏቸውን ሲረጩ አየሁ። ጓንታቸው፣ መሸፈኛቸው፣ አቋቋማቸው ሁሉ እንዳስተማርኩት ነው። ኩራት ተሰማኝ። ወዲያው ቆም አሉ። መሸፈኛቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱና የመርጫውን ጫፍ ነቅለው ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አባባ! ይተዉት! አፍዎን እንዳያስነኩት!»

ጩኸቴን ወንዙ ዋጠው። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁበት፤ ድንጋዩ እያዳለጠኝ፣ እየተንገዳገድኩ ተሻገርኩ። ስደርስ ነፍተው ጨርሰው፣ ከንፈራቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ።

«ማነው እንዲህ ያድርጉ ያለዎት?» ብዬ አምባረቅኩባቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አሉ። «እንትፍ ማለቱንም እኮ አልረሳሁም።»